ሁለት ስም ያለው አንድ ኪኒን

የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። አብርሃ ጅራ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯቸውን ሁለት የኪኒን እሽጎች ፈትተው «ኡስታዝ፣ እስቲ ዐረብኛውን አንብብልኝ» አሉኝ። አንደኛው ከሱዳን በመተማ በኩል የመጣ «ባናዶል» ነው። ዐረብኛ «ፐ» የሚባል ፊደል ስለሌለው ፓናዶልን እንዲህ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፓራሲታሞል ነው። ከእርሻ ትኩሳት ይዞት ለተመለሰው ወጣት ልጃቸው አንዱን ለራስ ምታቱ፣ ሌላውን ለትኩሳቱ እያሉ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ሰጥተውታል።

ከባናዶሉ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ደነገጥኩ፤ «ባራሲታሞል» ይላል። ልጁ በቀን 12 ፍሬ አንድ ዓይነት መድኃኒት ውጧል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፓናዶል እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የወጣ የንግድ ስም ነው፤ ፓራሲታሞል ግን የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። ይኸውም «ፓራ-አሴቲል-አሚኖ-ፌኖል» ከሚባል ረጅም የኬሚስትሪ ስም ተቆራርጦ የተሠራ ነው። አሜሪካኖች ከዚያው ስም ሌላ ቁራጭ ወስደው «አሴታሚኖፌን» አሉት። ዘመድ ከዚያ የሚልከው ታይሌኖልም ይኸው ነው። በብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ተደባልቆ ይገኛል።

ጤነኛ ዐዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን በአንድ ጊዜ ከ2፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የሕፃናት መጠን በክብደታቸው ይሰላል። ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ክፋቱ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታይ መቻሉ ነው። ማርከሻ አለው፤ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲደረስ ነው።

«ኪኒን» የሚለው ቃልም ራሱ ከወባው መድኃኒት ከኩዊኒን የመጣ ሲሆን ዛሬ ለሚዋጥ ፍሬ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በእኛ ቆላ ይህ ሊያሳስት ይችላል። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያበርዳል እንጂ ወባንም ካላዛርንም አይነካም። በተለይ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና ጣፊያ ካበጠ ካላዛር መመርመር ያስፈልጋል።

«ታዲያ የቱን ልስጠው?» አሉኝ እናት። ሁለቱንም ይዘን ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ ለጉበቱም ወደ ሆስፒታል ተላከ። አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል። እናት ማንበብ ስለማይችሉ በሁለቱም እሽጎች ላይ አንድ ዓይነት ምልክት በእስክሪብቶ አደረግሁላቸው።