አየሩ የወፈረባት ከተማ

ድሬዳዋ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ክፍት ዓለም ጌም ለሚጫወት ሰው ነገሩ አይመቸውም። ቤቶቹ የተከፈቱት ለኳስ ነው። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ጂቲኤ የሚጫወተው ግን በሰዓት ስለሚከፍል የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሎዲንግ ይበላበታል። ሰዓቱ የሚያዘው ማሽኑ ሲበራ ነው ወይስ ጌሙ ሲከፈት? ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ከባለቤቱ ጋር በዚህ ሲካረር ሰምቻለሁ። «አቦ፣ ሎዲንጉን ነው እንዴ የምጫወተው?» ይላል ልጁ። «ታዲያ መብራቱን ማን ይክፈልልኝ?» ይላል ሰውዬው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያበሳጨኝ ከኋላ የተቀመጠው ሦስተኛው ነው፤ «ኔት ደክሞ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም!

ሎዲንግ ማለት ጌሙ ከተቀመጠበት ዲስክ ወደ ራም የሚገለበጥበት ጊዜ ነው፤ ማሽኑ የሚያጫውተን ራም ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። ይኼው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተማው ሲሰፋ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ዋና ራም 32 ሜጋባይት ነው፤ በቴሌግራም የምንላላካቸው ብዙ ቪዲዮዎች ከዚያ ይበልጣሉ። የጂቲኤን የሚያህል ከተማ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጌሙ መኪናህ ከፊቷ የምታገኘውን ሰፈር ከዲቪዲው እያነበበ ያስገባል፣ ከኋላህ የቀረውን ይጥላል። አንተ ዝም ብለህ ትነዳለህ፤ ከተማው ግን ከጎማህ ፊት ፊት እየተሠራ ከኋላህ እየፈረሰ ነው።

በ2001 የወጣው ጂቲኤ 3 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ከተማውን ሦስት ቦታ ከፍሎት ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ጌሙ ቀጥ ይልና የአዲሱን ሰፈር ስም እያሳየ ሎድ ያደርጋል። ድሬ በዚያ አሠራር ብትሠራ ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገር ባጃጅህ ድልድዩ ላይ ትቆምና «እንኳን ወደ መጋላ በደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ነው። ወንዙ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሰው በፈለገው በኩል አሸዋውን አቋርጦ ይሄዳል። ጌም ሠሪ የሚወደው ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያለበትና ድልድዩ የተቆጠረ ወንዝ ነው፤ መሻገሪያህን አስቀድሞ ያውቀዋላ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ከድልድዩ ይልቅ እዚያው ሰፈር ውስጥ የተሠራው ተንኮል ነው። የጌሙ የቴክኒክ ኃላፊ የነበረው ኦቤ ቬርሜይ ከብዙ ዓመት በኋላ አውርቶታል። ሰፈሩን እየነዳህ ከዲስክ የማስገባቱን (የስትሪሚንግ) ሥራ የያዘው አዳም ፋውለር የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ዲቪዲ የሚነበበው በሌንስ ነው፤ ሌንሷ ከዲስኩ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ስትሄድ ጊዜ ትፈጃለች። ስለዚህ በከተማው ጎረቤት የሆኑት ሕንፃዎች ዲስኩም ላይ ጎረቤት ሆነው እንዲቀመጡ ተደረገ። አልበቃም። ፈጣን መኪና የያዘ ተጫዋች ዲስኩን ይቀድመዋል፤ ቀድሞት ሲደርስ ሕንፃው ገና ብዥ ያለ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ከዚያ መንገዶቹን ነካኩ፤ ሰው እንዳይበር አንዳንድ ቦታ ላይ የመንገዱን አቀማመጥ ቀየሩት። እሱም ያልበቃበት ቦታ ነበር። እዚያ ላይ ምን አደረጉ? አየሩ መኪናውን የሚገታበትን ኃይል ጨመሩት። መኪናው ያ ሰፈር ሲደርስ አየሩ ይወፍርበትና ፍጥነቱ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሌንሷ በዚያች ቅጽበት ትደርሳለች።

እስቲ አስቡት። ሞተሩ ያው ነው፣ ጣትህም ቁልፉን እንደተጫነ ነው፣ ስክሪኑ ላይም የሚዞር ክብ የለም። ስንቱ ተጫዋች «ይቺ መኪና አትሄድም» ብሎ ወርዶ ሌላ ሰርቋል! እየጠበቀ መሆኑን ሳያውቅ የጠበቀ ሰው አይማረርም፤ ከዚህ የተሻለ ሎዲንግ እስካሁን አላየሁም።

በ2004 ሳን አንድሪያስ ሲመጣ ድልድዩ ላይ መቆምም ቀረ። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ከዲስኩ ንጽሕና አያልፍም። እኛ ምን አደረግን? ሲዲውን በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ደፋነው፣ በሸሚዝ ጠረግነው፣ ሲቧጠጥ ኮልጌት ቀባነው። ሌንሷ ያቺኑ ጭረት ደጋግማ ለማንበብ ስትታገል ሕንፃው የሚመጣው መኪናው ከተጋጨ በኋላ ይሆናል፤ ከዚያ «ጌሙ ብልሹ ነው» ይባላል። በድሬ ሙቀት ማሽኑን የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያጫውተውን ባለቤትማ ተዉት።

ሌንሷ ቀርታ ሃርድ ዲስክ ሲመጣም ችግሩ መልኩን ነው የቀየረው፤ እዚያም የምትመላለስ ክንድ አለች። የፕሌይስቴሽን 5ን አሠራር የመራው ማርክ ሰርኒ በመጋቢት 2020 እንዳስረዳው፣ በ2018ቱ ስፓይደርማን እንደ ፖስታ ሳጥን ያሉ ዕቃዎች ሃርድ ዲስኩ ላይ 400 ጊዜ ተገልብጠው ይገኙ ነበር። የፖስታ ሳጥን በየመንገዱ ስላለ፣ ክንዷ ራቅ ብላ ከምትፈልገው በየሰፈሩ አንድ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይሻላል። ጌሙ ለምን ያን ያህል ቦታ ይይዛል ብሎ ለሚያማርር ከመልሶቹ አንዱ ይኼ ነው። በሃርድ ዲስክ ምትክ የመጣው ኤስኤስዲ ክንድ የለውም፤ የፕሌይስቴሽን 5ቱ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል።

ኔትን የሚከሰው ልጅ ግን ብቻውን አይደለም። ጂቲኤ ኦንላይን ለዓመታት ደቂቃዎች ሲያስጠብቅ ብዙ ሰው ያማው ኔትወርኩን ወይም የራሱን ኮምፒውተር ነበር። በ2021 «ቶስት» በሚል ቅጽል የሚታወቅ ፕሮግራመር ውስጡን ከፍቶ አየው። ጌሙ 63,000 ያህል የሚሸጡ ዕቃዎች የተዘረዘሩበት 10 ሜጋባይት ጽሑፍ ያነባል፤ አንድ ቁራጭ ባነበበ ቁጥር የቀረውን ጽሑፍ እስከ ጫፉ እንደገና ይለካል። ፕሮግራመሩ ይህን ሲያርመው በእሱ ኮምፒውተር 6 ደቂቃ የነበረው ወደ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወረደ። የጌሙ ኩባንያም አምኖ አስተካከለው፣ ፕሮግራመሩንም 10,000 ዶላር ሸለመው።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በ2020 የወጣውን ጎስት ኦፍ ሱሺማን የሠሩት ሰዎች ጌሙ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንኳን ቶሎ ስለሚከፈት ሰው ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውን ምክር ማንበብ አልቻለም አሉና፣ ሎዲንጉን ሆን ብለው አዘገዩት።