ያውቁ ኖሯል? የአንደራቻ ቤተ መንግሥትና የሩሲያው መኮንን

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቢታ ገነት ተነሥተው በቦንጋ በኩል አንደራቻ ቢደርሱ እንደ ጎንደር ያለ የግንብ ፍርስራሽ እንደማይጠብቅዎ ያውቁ ኖሯል? የከፋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የእንጨትና የሣር ክዳን ሥራ ነበር። በ1897 የምኒልክ ጦር በከፋ ላይ ባደረገው ዘመቻ አንደራቻ ስትወድም የቀረውን ዝናቡና ጫካው ጨረሱት።

የከፋን ዳር ድንበር ይጠብቅ የነበረውም የድንጋይ አጥር ሳይሆን ጥልቅ የመከላከያ ቦይ ነበር። ስሙ ሂርዮ ነው። እንጨት በስብሶ ሲጠፋ የተቆፈረ መሬት ዘመን ይሻገራል፤ ስለዚህ የድሮውን መንግሥት አሻራ የሚፈልግ ሰው ከግድግዳ ይልቅ መሬት መሬት ቢያይ ይሻለዋል።

ንጉሡ «ታቶ» ቢባልም እንዳሻው አያዝም ነበር፤ ሰባት አባላት ያሉት «ምክሬቾ» የተባለ ሸንጎ አጠገቡ ነበረ።

የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ አንደራቻ ከተያዘች በኋላም ለወራት በጫካ ተሸሽጎ እንደቆየ ያውቁ ኖሯል? የዘመቻው መሪ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦር አሰልፈዋል። ንጉሡ በመስከረም 1897 ተማረከ፤ የታሰረበት ሰንሰለት የብር እንደነበር ይነገራል። ጎጀብን ሲሻገር ቀለበቱን ወንዙ ውስጥ ጣለው የሚለው ታሪክ ዛሬም ይተረካል። እውነት ይሁን ተረት፣ ወንዙ ቀለበቱን አልመለሰም። ንጉሡ መጀመሪያ አንኮበር ቀጥሎም አዲስ አበባ ታስሮ ቆይቶ በ1919 አረፈ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድመው፣ የጎንደር ንጉሥ ተብለው ሞተዋል።

አሁን ወደ ሩሲያው እንምጣ። በ1898 አንደራቻ የደረሰው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሩሲያ ባላባት ልጅና የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን ነበር። ወደ አገራችን መጀመሪያ የመጣው በ1896፣ ከዓድዋ በኋላ በተላከው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነው። ከጅቡቲ እስከ ሐረር ያለውን በረሃ በግመል በሦስት ቀን ከ18 ሰዓት ያቋረጠውም እርሱ ነው! በሁለተኛው ጉዞው ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ (ቱርካና) ሐይቅ ወርዷል። በከፋ ሲያልፍ ያየውን አልደበቀም፤ በመንገዱ ዳር ረጅም ሣር ውስጥ የሰው አጥንትና የራስ ቅል ተበትኖ ማየቱን ጽፏል። የድል አድራጊው ጦር እንግዳ ሆኖ ይህን መጻፉ የሚያስመሰግነው ይመስለኛል። መጽሐፉ በ1900 ፒተርስበርግ ታተመ።

ቡላቶቪች እስከ ሩዶልፍ በተደረገው ዘመቻ ቆስሎ የተገኘ ሕፃን ወደ ሩሲያ ይዞ እንደሄደስ ያውቁ ኖሯል? ልጁ ቫስካ ተባለ፤ ያደገውም ሉትሲኮቭካ በሚባለው የቡላቶቪች ቤተሰብ ርስት ላይ ነው። ቡላቶቪች ኋላ ሰይፉን ሰቅሎ መነኮሰ፣ አንቶኒ ተባለ፣ አቶስ ተራራ ገባ። በ1913 በፈጣሪ ስም ላይ በተነሣው የሃይማኖት ክርክር ምክንያት ከዚያ ተባረረ። በታኅሣሥ 1919 በዚያው ርስቱ በሽፍቶች እጅ ተገደለ። ሉትሲኮቭካ ዛሬ በዩክሬን፣ በሱሚ ግዛት ትገኛለች።

ቦንጋን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ግን ቡላቶቪች አይደለም። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1843 ደርሷል፤ አባ ማስያስ የተባሉት ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊም ከ1859 ጀምሮ ከፋ ተቀምጠው በ1861 ተባረዋል።

የከፋ ዘውድ ደግሞ ስዊዘርላንድን አይቷል። የምኒልክ አማካሪ የነበረው አልፍሬድ ኢልግ ነው ወደ ዙሪክ የወሰደው።

ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ከፋን በ1905 ጎብኝቶ ስለ ሕዝቡ ሁለት ጥራዝ ጻፈ፤ አንደኛው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ታተመ። ሁለቱም በጀርመንኛ ናቸው፤ አንድ የቦንጋ ተማሪ ስለ አያቶቹ ቤተ መንግሥት ማንበብ ቢያምረው መጀመሪያ የቪየናውን ቋንቋ ይማር ማለት ነው።