የጉንዳን እናት በብልቃጥ ውስጥ

ከባድ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ በየግድግዳውና በየአምፑሉ ሥር ክንፍ ያላቸው ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያላየ የለም። ብዙዎቻችን «አሸን ፈላ» ብለን መስኮቱን ዘግተን እንቀመጣለን። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መካከል አንዳንዱ አሸን ሳይሆን ጉንዳን ነው፤ ከጉንዳኖቹም አንዷ፥ ቢቀናት የብዙ ልጆች እናት ለመሆን የወጣች ንግሥት ናት። ይህችን ንግሥት ለይቶ አንሥቶ፥ በብልቃጥ አኑሮ፥ ቤተሰብ እስክትመሠርት መከታተል በውጭ አገር ብዙ ወጣቶች የያዙት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ወጪው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የተማሪን ኪስም ሆነ የጀማሪ ጸሓፊን ደመወዝ አይጎዳም።

በመጀመሪያ አሸንን ከጉንዳን መለየት ያስፈልጋል። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ ወገቡ ወፍራም፥ አራቱም ክንፎቹ እኩል፥ ቀንዶቹም ቀጥ ብለው እንደ መቍጠሪያ የተሰካኩ ናቸው። የጉንዳን ወገብ ግን በክር የታሰረ ያህል ቀጭን ነው፤ የፊት ክንፉ ከኋላው ይረዝማል፤ ቀንዱም እንደ ክንድ ይታጠፋል። ቀጥሎ ሴቷን ከወንዱ መለየት ነው። ወንዱ ራሱ ትንሽ፥ ሰውነቱም ቀጭን ሲሆን፥ የሴቷ ደረት ወፍራም፥ ሆዷም ትልቅ ነው። ክንፏን የጣለች ከሆነች በደረቷ ግራና ቀኝ የተነቀለበት ጠባሳ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ከሁሉ የምትመረጠው እንዲህ ያለችው፥ መሬት ላይ ብቻዋን ስትባክን የምትገኘው ናት፤ ክንፍ መጣል አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ለመገናኘቷ ምልክት ነውና።

በዚህ ላይ እኛ ራሳችን የተሳሳትነውን ብንናገር አናፍርም። አንድ ማታ ከመብራት ሥር ጠጕራም፥ ቡናማ፥ ሆዱ እንደ ቋሊማ የረዘመ ትልቅ በራሪ አግኝተን «እነሆ ንግሥት!» ብለን በክብር አስቀመጥነው። ለካስ በሰልፍ የሚጓዘው የነካሹ ጉንዳን ወንድ ኖሯል። የዚያ ዘር ንግሥት ክንፍ ከቶ የላትም፤ ከሠራዊቷ ተለይታም ለብቻዋ አትኖርም። ስለዚህ እርስዋን በብልቃጥ ለማሳደግ ማንም አይድከም።

አባቶቻችን የንብን ንግሥት «አውራ» ይሏታል። ስሙ የወንድ ይመስላል እንጂ እናት ናት፤ ደግሞም አዛዥ አይደለችም። የጉንዳኗም እንዲሁ ነው። የምትበረው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ ያን ጊዜ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ ትጠቀምበታለች። ወንዱ ግን ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ከዚያ ክንፏን ጥላ፥ ጕድጓድ ቆፍራ፥ ደጁን በላይዋ ትዘጋለች። የብዙዎቹ ዘሮች ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪደርሱ እህል አትቀምስም፤ ከእንግዲህ የማያስፈልጓትን የክንፍ ጡንቻዎች ከውስጥ እያሟሟች እርስዋም ትኖራለች፥ እጮቿንም ትመግባለች።

ለዚህች እናት የሚሠራው ቤት ቀላል ነው። ረዘም ያለ ጠባብ ብልቃጥ ይፈለግና ሲሶው ውሃ ይሞላል፤ ውሃው እንዳይፈስ የታመቀ ጥጥ እስከ ውሃው ድረስ ይገፋል፤ ንግሥቲቱ በደረቁ ክፍል ገብታ አፉ ደግሞ በጥጥ ይወተፋል። ከዚያ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱም አለመንካት ነው። የመጀመሪያዋን ንግሥታችንን ጠዋትና ማታ እያወጣን፥ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስናሳይ፥ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በላቻቸው፤ ሰነበተችና ሞተች። ለሁለተኛዋ አዝነን ማር ብንጨምርላት ብልቃጡ በሻጋታ ተሞላ። ሁለቱንም የገደላቸው ርኅራኄያችን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በእንግሊዝ አገር የነበረው ሰር ጆን ላቦክ ከእኛ ይልቅ ታጋሽ ነበር። ይህ ሰው የባንክ ባለቤትና የፓርላማ አባል ሲሆን፥ በ1871 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ለባንኮች የዕረፍት ቀን የሚሰጠውን ሕግ ያቀረበ እርሱ ነው። ከሥራው በኋላ ጉንዳኖችን በሁለት መስታወቶች መካከል ያኖር ነበር። ከቀይ መስታወት ሥር ሲሰበሰቡ፥ ከወይን ጠጁ ግን ሲሸሹ አይቶ ስለ ዓይናቸው ብዙ ተማረ፤ ዛሬም ሳያስደነግጥ ሊያይ የሚፈልግ ብልቃጡን በቀይ ወረቀት ይሸፍናል። ከንግሥቶቹ አንዷ 15 ዓመት ያህል ኖራለች። ጀርመናዊው ሄርማን አፔል ያኖራት ጥቁር ንግሥት ደግሞ 28 ዓመት ከ9 ወር ቆይታለች። ጉንዳን ለማኖር የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

ነገሩ በንግድ ዓይን ሲታይ ግን ሌላ ነው። በ2025 በጎረቤታችን በኬንያ ሁለት የቤልጅግ ወጣቶች 5,000 ያህል ንግሥቶችን በብልቃጥ አጭቀው ሊያወጡ ሲሉ ተይዘው፥ ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸውን አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ወይም አንድ ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል። አንዲት ንግሥት ስትወሰድ የምትጠፋው አንዲት ነፍስ ብቻ ሳትሆን ወደ ፊት የሚመሠረተው ቤተሰብ ሁሉ ነው፤ ባዕድ አገር ገብታ ብታመልጥም የዚያን አገር ጉንዳን ልታፈናቅል ትችላለች። ከግቢያችን ያነሣነውን በግቢያችን ማኖር ይበቃል።

ሦስተኛዋን ንግሥታችንን በመሳቢያ ውስጥ፥ ከአሮጌ ጋዜጦች ኋላ አስቀምጠን ቍልፉን ለባለቤታችን ሰጠን። ሰባት ሳምንት ያህል ቆይተን ብናወጣት አምስት እጅግ ጥቃቅን ሠራተኞች ከበዋት ነበር። በመርፌ ጫፍ የስኳር ውሃ ጠብታ አኖርንላቸው። አንዷ ወጥታ ለረጅም ጊዜ ጠጣች፤ ሆዷም ተነፋ። ከዚያ ተመልሳ ከእናትዋ ፊት ቆመችና አፍዋን ከአፍዋ ገጥማ አጠጣቻት።