ቀኖናው አልቆ ጸጸቱ ሲቀር

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለቁርባን ሲቀርብ ሰልፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ከፊት ሕፃናት አሉ፣ ከኋላ አዛውንት። ጎልማሳው በአብዛኛው ዳር ቆሞ ያያል። ዛሬ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች ሰልፉን እየቀየሩት ነው፤ ሆኖም «እኔ ምኑን በቅቼ!» የሚለው ወገን አሁንም ብዙ ነው። ይህ ሰው ልጆቹን ድሮ፣ ጡረታ ወጥቶ ነው ወደ ደጀ ሰላሙ የሚመለሰው።

የአብዮቱ ትውልድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ1966 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። ያኔ እምነትን የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ የተወ አለ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤቱን የጠቆመም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ጸሎት ከመጀመሩ በፊት ያ ዘመን ፊቱ ይደቀንበታል።

ወደ ኋላ ማሰቡ በራሱ በሽታ አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አረጋውያን ያለፈውን ደጋግመው የሚያነሱት ስለጃጁ ሳይሆን ሞት ሲቃረብ ሰው ሕይወቱን ስለሚመረምር ነው ብሎ ተከራከረ። ምርመራው ሰላም ላይ ሊያደርስ ይችላል፤ ከባድ ጭንቀት ውስጥም ሊከት ይችላል።

በእኛ አገር ለዚህ ምርመራ መልክ የሚሰጠው ንስሐ ነው። አብዛኛው ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ችግሩ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ ጠበል ከመርጨትና ዝክር ከመባረክ አለማለፉ ነው። ልጆቹን ባጠመቁ፣ ከቤቱ በበሉ በጠጡ ቄስ ፊት የ40 ዓመት ጉድ ማውጣት ያሳፍራል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ገዳም ወርዶ የማያውቃቸውን አባት የሚፈልገው። ቢሆንም ለማንኛውም ካህን የሰማውን ምስጢር ማውጣት ከባድ በደል ነው።

ኑዛዜው «ኃጢአተኛ ነኝ» በሚል ጥቅል ቃል አያልቅም፤ የተደረገው በየስሙ ይነገራል። ከዚያ ካህኑ ቀኖና ይሰጣሉ፦ ጾም፣ ስግደት፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት። መጠኑ እንደ ሰውየው አቅም ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ስግደቱ ይቀርለትና ዳዊት ይታዘዝለታል፤ ስኳር ያለበት ጾሙ ይቀልለታል። «አረጀሁ፣ አልችልም» ብሎ ከደጅ መመለስ እንግዲህ ምክንያት የለውም። የሰው ገንዘብ የበላም ይመልሳል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን ካህናቱ ማንሳት ይወዳሉ። የተበደለው ሰው ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ፣ እነሱም ከሌሉ ለድሃ ይሰጣል። በእስልምናም ተውበት የገባ ሰው ኃጢአቱን ትቶ፣ ተጸጽቶ፣ ላይመለስበት ቆርጦ የሰው ሐቅ ካለበት ይመልሳል፤ ልዩነቱ መሐል የሚቆም ካህን አለመኖሩ ነው።

ቀኖናው ሲፈጸም ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይላሉ፤ ቁርባኑ ይከተላል፣ ከ18 ሰዓት ጾም ጋር። ተነሳሒው ባለትዳር ከሆነ ግን ነገሩ የሁለት ሰው ነው። በሰማንያ የተጋቡ ጥንዶች አብረው መቁረብ አለባቸው፣ ትዳሩም ከዚያ በኋላ የቁርባን ጋብቻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሚስት ቀድማ ትዘጋጅና ባል «ትንሽ ቆዪኝ» ይላታል፤ ትንሹ ዓመታት ይፈጃል። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት ሁለቱም ነጭ ለብሰው ሲቆርቡ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲወጡ፣ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ሰርግ አዩ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላም ራሳቸውን ይቅር ማለት የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። የተናዘዙትን ያንኑ ነገር በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ይዘው ይመጣሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የንስሐ ትልቁ ጥበብ ቀኖና ልክ ያለው መሆኑ ነው፦ ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ስግደት፣ ከዚያ በቃ። ሰው ለራሱ የሚፈርደው ፍርድ ግን ማለቂያ የለውም። ካህኑ የፈቱትን ማሰሪያ ራስ ላይ መልሶ መቋጠር ትሕትና ይመስላል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ተስፋ መቁረጥ ራሱ ኃጢአት ነው። ይሁዳም ጴጥሮስም ጌታቸውን በድለዋል። ሁለቱም ተጸጽተዋል። አንዱ አለቀሰና ተመለሰ፣ ሌላው ራሱን ሰቀለ።

የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነበባል። 78 ሰው በልቶ፣ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ለአንድ ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። ታሪኩን «እንግዲያው ኋላ እደርሳለሁ» ብሎ ለማራዘሚያ የሚጠቀምበት ሞልቷል። ተአምሩ የተነገረው ግን ውኃው እጁ ላይ እያለ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ለሚያፈሰው ሰው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳይለይ መቅረት የለበትም። ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳ፣ ምግብ ያስጠላ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚያሰኝ ጸጸት ቀኖና ብቻ አይበቃውም፤ ሐኪም ይፈልጋል። የድባቴ ሕክምና የጀመረ ሰውም ጠበል ስለገባ ኪኒኑን ማቆም የለበትም። አስተዋይ የንስሐ አባት ሁለቱንም አብረህ ያዝ ይላሉ።