በአረጋውያን ሚዛን የሚመዘነው የሕፃናት ሐኪም

በአሜሪካ ገጠር፣ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራ የሕፃናት ሐኪም እናስብ። የሚያስለውን ሕፃን ደረት ታዳምጣለች፤ ክብደቱን ከባለፈው ምርመራ ጋር ታስተያያለች፤ ክትባት የምትፈራውን እናት በትዕግሥት ታስረዳለች። በመጨረሻም ሕፃኑ አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገው ትወስናለች። ምላጭ አልተነሣም፤ ውድ መሣሪያም አልተከፈተም። ክፍያው ሲሰላ ግን ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኘው ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የሚገኘው በመለኪያው አሠራር ውስጥ ነው። በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተቋቋመው ሜዲኬር፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እያንዳንዱን የሐኪም አገልግሎት በነጥብ ይመዝናል። ነጥቡ ሦስት ነገሮችን ያካትታል፤ የሐኪሙን ሥራ፣ የክሊኒኩን ወጪ እና በሕክምና ስሕተት ለሚነሣ ክስ የሚከፈለውን መድን። እነዚህ እንደየአካባቢው ተስተካክለው ከተደመሩ በኋላ በተወሰነ የዶላር መጠን ይባዛሉ።

ለሚዛኑ መሠረት የሆነው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊሊያም ሲያኦ የመሩት ጥናት ነበር። ጥናቱ ጠይቆና መርምሮ የሚሰጥ ሕክምና ከቀዶ ሕክምና አንጻር ከሚገባው በታች እንደሚከፈለው አመልክቷል። አዲሱ ሚዛን ይህን ልዩነት ያጠብባል ተብሎ ቢጠበቅም፣ ነጥቦቹ እንዲሻሻሉ ለመንግሥት ምክር በሚያቀርበው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሐኪሞች ቁጥራቸው አናሳ ነው። ልዩነቱም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ወደ ሕፃናት ሲመጣ ችግሩ ይደራረባል። ለአረጋውያን የተሠራው ሚዛን ለልጆች ሕክምናም መነሻ ይሆናል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች የሚሸፍነው ሜዲኬይድ ደግሞ ክፍያው በየግዛቱ የሚወሰን ሲሆን፣ በአብዛኛው ከሜዲኬር ያነሰ ነው። የገጠር ልጆች ከከተማ ልጆች ይልቅ በሜዲኬይድ የመሸፈን ዕድላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ሐኪሟ ይበልጥ በምትፈለግበት ሥፍራ ክሊኒኳን ለማቆየት የሚያስችላት ገቢ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የፌዴራል መንግሥት የሜዲኬይድን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ክፍያ ከሜዲኬር ጋር አስተካክሎ ነበር። ገንዘቡ ሲያበቃ ግን ብዙ ግዛቶች ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞሉት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ኮንራድ 30 በተባለው መርሐ ግብር እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ለሚደርሱ፣ በጄ-1 ቪዛ ሠልጥነው ላጠናቀቁ ሐኪሞች ወደ አገራቸው የመመለስ ግዴታቸው እንዲነሣ ሊጠይቅ ይችላል። ሐኪሞቹ በበኩላቸው ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ። ይህ በር ለኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ክፍት ነው። እንዲህ ሲሆን ግን ሀብታም አገር በክፍያ ያልፈታው እጥረት የሚሸፈነው፣ የራሷ ገጠር ሐኪም ከሚናፍቅባት አገር በወጣ ባለሙያ ነው።

ሦስቱ ዓመታት ሲያበቁ ሐኪሙ መሄድ ይችላል። ሚዛኑ ካልተለወጠ፣ የሚያስል ልጇን የታቀፈች እናት ሌላ ሐኪም ፍለጋ ረጅም መንገድ ትነዳለች።