ጣት የሚያተርፍ 3 ሚሊ ሜትር

ሁለት ባዶ ቀለሆች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ውፍረታቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ልዩነቷ የፋብሪካ ስህተት እንዳትመስላችሁ፤ ሆን ተብላ የተሠራች የደኅንነት ቁልፍ ናት።

አጭሩ «.38 ስፔሻል» ይባላል። ረጅሙ በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው «.357 ማግነም» ነው። ቃታ ሲሳብ ባሩዱ በቅጽበት ተቃጥሎ ጋዝ ይሆንና አረሩን ይገፋል። ለአጭሩ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት የመኪና ጎማ ግፊትን 500 እጥፍ ገደማ ነው፤ የረጅሙ ወደ 1,000 እጥፍ። ለአጭሩ የተሠራ ሽጉጥ ረጅሙን ቢጎርስ ሊፈነዳ ይችላል። የመሐንዲሶቹ መላ ቀላል ነበር፦ ቀለሁን አስረዘሙት፣ አይገባም፣ አለቀ።

ቁልፉ ሲሰበር

አንዳንዱ ግን የሽጉጡን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ያስረዝመዋል። ጥይቱ ገባ ማለት ሽጉጡ ቻለው ማለት አይደለም። ቀዳዳው ረዘመ እንጂ ብረቱ አልጠነከረም። አሥር ጊዜ ተተኩሶ ምንም ባይሆን እንኳ፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ በየተኩሱ እያደገ ሊሆን ይችላል።

ርዝመት የማይከለክለው ስህተት

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተኳሾች ወጪ ለመቀነስ ያገለገለ ቀለህ ሰብስበው ባሩድ ራሳቸው ይሞሉበታል። የ.38 ስፔሻል ቀለህ የተለካው ለድሮው ጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ባሩድ ኃይለኛ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል፤ የቀለሁ አብዛኛው ክፍል ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢሞላም ላይፈስ ይችላል። አረሩ ከተተከለበት በኋላ ደግሞ ከውጭ አይለይም።

ባሩዱ ጭራሽ ከተረሳስ? እሳት ጫሪው ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቅረዋል። የሚሰማው ደከም ያለ «ጠፍ» ነው። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ቢደግም፣ ሁለተኛው አረር ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል፤ ቱቦው ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ጣትና ዓይን የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ድምፁ ወይም ምቱ ከወትሮው ከደከመ መድገም የለም። ጣት ከቃታ ይውጣ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደዞረ ትንሽ ይቆይ፤ ከዚያ ጥይቱ ወጥቶ ሽጉጡ በባለሙያ ይታይ።

ጥሩ ምህንድስና ሰው እንደሚሳሳት አስቀድሞ ያስባል። ቅርጽ የማይከለክለውን ስህተት የሚይዘው ግን ዓይን ነው፦ አረሩ ከመተከሉ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ማየት።