ላላ በሉ (አልበም)

«ላላ በሉ» ኃይሉ መርጊያ የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2018) ያወጡት አልበም ነው። ያሳተመው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ሲሆን፣ በውስጡ ስድስት ሥራዎች ይገኛሉ። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችና መሪ ነበሩ። አልበሙ ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ ቆይተው ያወጡት አዲስ ሥራ ስለሆነ እንደ መመለሻ አልበም ይቆጠራል። የተመለሱት ግን ሰውየው እንጂ ባንዱ አይደለም፤ በአልበሙ ላይ ከኃይሉ በቀር የዋሊያስ አባል የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባንዱ መበተን

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አኮርዲዮን መጫወትን በ14 ዓመታቸው ራሳቸውን አስተማሩ። ዋሊያስ ባንድ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የታወቀውም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል በሚያቀርበው ሙዚቃ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ምሽት ክበብ የገባ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም ነበር። ስለዚህ እንግዶቹም ሙዚቀኞቹም በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ አብረው ያድሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ማለት ብዙ ሥራ ማወቅና አንዱን ዜማ ደጋግሞ፣ አስረዝሞ፣ ቀይሮ መጫወት ማለት ነው። የኃይሉ የኦርጋን አጨዋወት እንዲያ ያለ ትዕግሥት ይሰማበታል።

ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ድምፃዊ የተሠራ ሸክላ አሳተመ። ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው በግርማ በየነ የተደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ባንዶች ሳይቀሩ ተጫውተውታል። በ1978 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀረጹ። ርዕሱ የሚጠራው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወደ ሶደሬ ከሚታጠፍባት አዳማ አልፎ በመተሐራና በአዋሽ የሚሄደው ነው።

በ1981 ዋሊያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በአሜሪካ የተዘዋወረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ይህ ነው። አብዛኛው አድማጭ ከአገሩ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባንዱ የተከፈለው በጠብ አልነበረም። አገር ቤት ያለው ሥርዓት አንዱን ወደ ቤት፣ ሌላውን ወደ ስደት ወሰደው።

ታክሲውና ካሴቱ

በአሜሪካ የቀሩት ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ ዙላ ባንድን መሠረቱ። ኃይሉ በ1985 ለብቻቸው «ሸሞንሟናዬ» የሚባል ካሴት ሠሩ። በዚህ ካሴት አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል። ድራም ማሽን አስቀድሞ የተሞላለትን ምት ያለ ከበሮ መቺ እየደጋገመ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ባንድ ለሌለው ሙዚቀኛ የባንዱን ቦታ የያዘው እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ መድረኩን ትተው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ ከታክሲያቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ስለዚህ መጫወት አቁመው ነበር ማለት ስሕተት ነው፤ የተቋረጠው አድማጩ ነው።

የአሳታሚው መሥራች ብራየን ሺምኮቪትዝ «ሸሞንሟናዬ»ን ያገኘው ባሕር ዳር ውስጥ ካሴት ሲገዛ ነው። ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። በዚህም ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደገና መድረክ ላይ ወጡ።

የአልበሙ ይዘት

«ላላ በሉ» በሦስት ሰዎች የተሠራ ነው። ኃይሉ አኮርዲዮን፣ ኦርጋንና ፒያኖ ሲጫወቱ፣ አውስትራሊያውያኑ ቶኒ በክ ከበሮ፣ ማይክ ማይኮውስኪ ቤዝ ይጫወታሉ። ቶኒ በክ ዘ ኔክስ የተባለው የአውስትራሊያ ባንድ አባል ነው። ያ ባንድ አንድን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ እየለወጠ በመጫወት ይታወቃል፤ ከሒልተን ሌሊቶች ልማድ ብዙም የራቀ አይደለም።

ሥራዎቹ «ትዝታ»፣ «አዲስ ናት»፣ «ጉም ጉም»፣ «አንቺ ሆዬ ለኔ»፣ «ላላ በሉ» እና «የፍቅር እንጉርጉሮ» ናቸው። ትዝታና አንቺ ሆዬ፣ ከባቲና ከአምባሰል ጋር፣ ዋነኞቹ አራት ቅኝቶች የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ልዩነቱ ያለው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። የመክፈቻው «ትዝታ» አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአኮርዲዮን በዝግታ ይጀምርና ቤዙና ከበሮው ሲገቡ ወደ ሌላ ፍጥነት ይሻገራል። ዜማውን ከልጅነቱ የሚያውቅ አድማጭ እንኳ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መገመት ይቸግረዋል፤ ከአልበሙ የተሻለው ክፍልም ይኸው ነው።

የአልበሙን ርዕስ በጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው «ዘና በሉ» ማለት ሊመስለው ይችላል። በዚሁ ስም በተሰየመው ሥራ ላይ የሚሰማው ግን ቃል የሌለው የ«ላ ላ» ዝማሬ ነው። የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ኃይሉ ብቻቸውን በፒያኖ የሚጫወቱት ነው።

ከባንድ መልሶ መሰባሰብ ጋር ሲነጻጸር

በሌላው ዓለም የተበተነ ባንድ ሲመለስ ቢያንስ ከፊሎቹ ነባር አባላት ይገኛሉ። ፓወር ፖፕ የሚባለውን ስልት ካስጀመሩት አንዱ የሆነው የሜምፊሱ ቢግ ስታር በ2005 «ኢን ስፔስ»ን ሲያወጣ፣ ሁለቱ ነባር አባላት አሌክስ ቺልተንና ጆዲ ስቲቨንስ ነበሩ። የጎደለውን ቦታ ዘ ፖዚስ ከሚባል ባንድ የመጡ ሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ሞሉት። «ላላ በሉ» እንዲያ ዓይነት አይደለም። ኃይሉም በሽፋኑ ላይ ያስቀመጡት የዋሊያስን ስም ሳይሆን የራሳቸውን ነው፤ ስሙን ለገበያ መጠቀም ቀላል በሆነበት ጊዜ ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የሚቀጥለው አልበማቸው «የኔ ምርጫ» በ2020 ወጣ። በዚህኛው ከበሮና ቤዝ የያዙት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩት ኬኔት ጆሴፍና ዓለምሰገድ ከበደ ናቸው። ከሥራዎቹ አንዱ «ሸመንደፈር» ይባላል፤ በአዳማ በኩል ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው ምድር ባቡር የሚጠራበት ስም ነው።